የግብረገብ መምህሩ ጊፋታ

መምህር ቃለሕይወት ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ግብረገብ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስለ ጥንቶቹ ግሪኮች ሲያወራ አይጠገብም። ሰው ግንበኛ የሚሆነው እየገነባ እንደሆነ ሁሉ ደፋርም የሚሆነው የድፍረት ሥራ እየሠራ ነው ይላል። የዘመናችን ፈላስፎችም «ሕጉ ምን ይላል፣ ምንስ ይጠቅማል?» ከማለት ተመልሰው «ምን ዓይነት ሰው ልሁን?» ብለው መጠየቅ የጀመሩት ከእነዚያው ግሪኮች ተምረው እንደሆነ ያስረዳል። ማስረዳቱንስ ያውቅበታል።

ነሐሴ ላይ ግን ይኸው ሰው ዝናብ መጣብኝ ብሎ ባጃጅ ሊይዝ ሲሮጥ፣ የአዳራሹን በር ሳይቆልፍ ሄደ። ፕሮጀክተሩ ተሰረቀ። ኮሚቴው ሲጠይቅ ጥበቃው አቶ ጩማ «መጨረሻ የወጡት መምህሩ ናቸው» አሉ። እሱ «ቆልፌ ነው የወጣሁት» አለ። ለጊዜው እንዲህ ብሎ ነገ ሊያስተካክለው አስቦ ነበር። ተቆልፎ ከተሰረቀማ ጥበቃው ተኝቷል ተባለና አቶ ጩማ ከሥራ ተባረሩ። ቃለሕይወትም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ጊፋታ ደረሰ። በወላይታ ቂም ይዞ አዲሱን ዓመት መሻገር ነውር ነው። አንድ ማለዳ ደጁን ሲከፍት አቶ ጩማ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቆመዋል። ተበዳዩ ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ፤ በኮሚቴ ፊት ስምዎን አንስቻለሁ ብለው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ሁለቱንም ጠየቁ፦ «ሆድህ ውስጥ የቀረ ነገር አለ?» አቶ ጩማ የለም አሉ። ቃለሕይወትም የለም አለ። ተመረቁ፣ ተሳሳሙ።

በዓሉን እንዴት እንደዋለ ባይነሳ ይሻላል። ጥሬ ሥጋው በዳጣ ቀርቦለት አልወርድ አለው። በራሱ አፈረ። ፍርሃትም እንደ ድፍረት እየተለመደ የሚሄድ ነገር መሆኑን ሲያስተምር ኖሯል፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለው ነበር እንጂ።

በጥቅምት ለተማሪዎቹ ፈተና ሰጠ፤ በቅርብ የምታውቁትን አንድ መልካም ሰው ጠቅሳችሁ አስረዱ የሚል። የአቶ ጩማ ልጅ ሜላትም ተማሪው ነበረች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መምህሬ ናቸው። አባቴ በደላቸው፤ እሳቸው ግን ያለ ቂም ይቅር አሉት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የማረሚያውን ቀይ እስክሪብቶ አስቀምጦ፣ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ በቀጥታ አቶ ጩማ ቤት ሄደ። ተቀመጡ ሲሉት ቆሞ ቀረ።

«በሩን ያልቆለፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዋሽቼ ነው ያስባረርኩዎት።»

አቶ ጩማ አልደነገጡም።

«አውቃለሁ መምህር። ኮሚቴው ፊት ዓይኔን ማየት ሲያቅትዎት ነው ያወቅሁት። ሽማግሌ ይዤ የመጣሁትም፣ ሲጠየቁ ይናገራሉ ብዬ ነበር።»

ቃለሕይወት አንገቱን ደፋ። ነገ ጠዋት ኮሌጁ ሄዶ እንደሚናገር፣ ሥራቸውም እንዲመለስላቸው እንደሚለምን ቃል ገባ።

«ለኮሌጁ ነገ ይደርሳል» አሉ አቶ ጩማ። «ለልጄ ግን አሁን ይንገሯት። እኔ ብነግራት አላምን አለችኝ።»

ሜላት መምህሯ መምጣታቸውን ሰምታ፣ ደስ ብሏት፣ ከጓዳ ወንበር ይዛ እየወጣች ነበር።