የቀሪዎቹ ጆንያ

ቡና ለቀማ በገባሁበት ቀን የጣልኩት ቡና ካስቀረሁት ይበልጥ ነበር።

መጋዘኑ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ፊሽካ ተነፋ፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጥኩ፤ ሰፌድ ተሰጠኝ። ሥራው ማበጠሪያ ማሽኑ ያሳለፈውን ጥቁር፣ የተነቀዘ፣ ስባሪና ጠጠር በእጅ መልቀም ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠርጣራ ነኝ። ትንሽ የገረጣውን ፍሬ ሁሉ «ሌላውን ቢያበላሽስ?» እያልኩ ጣልኩት። ረፋድ ላይ የለቃሚዎች አለቃ፣ ካቦ ጌታሁን፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው የጣልኩትን ክምር አዩ።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ ሁሉ ቡና ምን በደለሽ?»

«ጥርጣሬ ገብቶኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እዚህ ወንጀል የምንመረምር መሰለሽ? ግማሹን መልሺው።»

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ዘሃራ ትባላለች፤ የሊሙ ገነት ልጅ ናት፤ በሥራው ብዙ ዓመት ቆይታለች። «እጅሽን አምጪ» አለችኝ። «ዓይን ይሸወዳል፤ ጣትሽን አሠልጥኚ። የተነቀዘ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ሲገባ ይሻክራል።» እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረችኝ ዘሃራ ናት።

ሕጉ በዚያን ጊዜ አጭር ነበር። በሁለት ሰዓት ፊሽካ መግባት፣ በሰባት ሰዓት ፊሽካ ምሳ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ፊሽካ መውጣት። ቡና የጫነው መኪና ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ ባዶ ሰፌድ ይዘን እንቀመጣለን። በወር ሦስት ቀን የቀረች ትሰናበታለች። ካቦ ጌታሁን የሚጠብቁት ቡናውን ሳይሆን እኛን ነበር።

ለእኔ ከባዱ ቡናው አልነበረም፤ ቤቴ ነበር። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለውን ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ምድጃውን ማጥፋቴን መጠራጠር እጀምራለሁ። የዘሃራ የጠዋት ሰላምታ «ምድጃው እንዴት አደረ?» ሆነ።

ልጆቼ ከፍ ሲሉ ነገሩ ከምድጃ አለፈ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ቤዛ ሦስተኛ ክፍል፣ ማህሌት አምስተኛ ክፍል ደርሰው ነበር። ትምህርት ቤታቸው በፈረቃ ያስተምራል፤ አንዷ ጠዋት ስትማር ሌላዋ ከሰዓት ትማራለች፤ በየሳምንቱ ደግሞ ይገለበጣል። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዷን ዋናውን መንገድ አሻግሬ መስደድ፣ ሌላዋን አሻግሬ መመለስ፣ ቁልፉንም ማቀባበል አለብኝ። ቁልፉ አንድ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረጽ ሌባን በስሙ መጥራት ይመስለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ምሳዬን በስድስት ተኩል ልውጣና ቀድሜ ልመለስ» ብዬ ካቦ ጌታሁንን ለመንኳቸው።

«ለአንቺ ብዬ ስድሳ ሴት ላስነሳ?»

«ሌሎቹ ይቀመጡ። እኔ ብቻ።»

«አንዷ ከተነሳች ሁሉም ትነሳለች። ትምህርት ቤቱን ሂጂና ሰዓቱን ይቀይሩልሽ።»

ስለዚህ ዋሸሁ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ሽንት ቤት አስፈቅዳለሁ፤ በጓሮ በር ወጥቼ ባጃጅ እይዛለሁ፤ ልጆቹን አሻግሬ፣ ቁልፉን አቀባብዬ፣ ምድጃውንም በዚያው አይቼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ካቦ ጌታሁን ወደ ጥግ ጠርተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አስካለ፣ ኩላሊትሽን ታይተሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«ደህና ሰው ግማሽ ሰዓት አይቆይም። የገብስ ውሃ ጠጪ።»

በማግስቱ የገብስ ውሃውን ራሳቸው በጠርሙስ ይዘው መጡና አጠገቤ ቆመው አስጠጡኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ውሃው ደግሞ ሥራውን ሠራና የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ወጣሁ። አንደኛው እውነተኛ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ቡና በማይኖርበት ወቅት፣ የመጋዘኑ ባለቤት ሀጂ ነስሩ የጣት አሻራ ማሽን አምጥተው በሩ ላይ አስተከሉ። ነሐሴ ላይ ሁላችንም ጣታችንን አስመዘገብን። ውስጡ የሴት ድምፅ አለ። ጣቱን ካወቀው በእንግሊዝኛ «ታንኪው» ይላል፤ ካላወቀው «ትራይ አጌን»፣ እንደገና ሞክሪ ማለት ነው። ፈረንጇ ብለን ስም አወጣንላት። ከግቢ የሚወጣም የሚገባም እሷን ይንካ ተባለ። የጓሮው በር ተቆለፈ። መስከረም ሊመጣ ነው፤ ልጆቼ መንገዱን እንዴት ይሻገራሉ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከመስከረም ጀምሮ አንዲት ጎረቤቴ እየለመንኳት ታሻግራቸው ነበር፤ እሷ ባልተመቻት ቀን ግን ሰፌዱ ላይ የምለቅመው ቡና አይታየኝም ነበር።

ጥር ላይ ቡናው ሲበዛ ሌላ ጉድ መጣ። ዘሃራ ጣቷን አስነካች። «ትራይ አጌን።» ጠረገችና ነካች። «ትራይ አጌን።» እኔ ነካሁ። ያው ነው። ከኋላችን ያሉት ነባር ሴቶችም እንዲሁ።

«ፈረንጇ አኮረፈች» አለች ዘሃራ።

በሳሙና ታጠብን፤ በሎሚ አሸን፤ ቫዝሊን ቀባን። ካቦ ጌታሁን አጠገባችን ቆመው «ጠበቅ አድርጊ፣ ግን አትምቻት» ይላሉ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ጣታችንን በስልኩ መብራት አየና «እነዚህ ሴቶች አሻራ የላቸውም» አለ። ቡናው ፍቆት ነው። ክረምት ሥራ ስንፈታ አሻራችን ተመልሶ ነበር፤ ሥራ ሲበዛ እንደገና ጠፋ። ብዙ የለቀመች ሴት ለማሽኑ ቀሪ ናት ማለት ነው። ፈረንጇ የምታመሰግነው በቅርብ የገቡትን ልጃገረዶች ብቻ ሆነ፤ እኛ ካቦ እያዩን እየገባን እንሠራ ነበር።

«ወላሂ፣» አለች ዘሃራ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርቼ አለመኖሬን ዛሬ ሰማሁ።»

ወሩ ሲያልቅ ማሽኑ ያወጣው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሀጂ ነስሩ አዲስ አበባ ነበሩ። ካቦ በስልክ ሊያስረዷቸው ሞከሩ፤ ሀጂ ግን «ማሽን አይዋሽም፤ ሦስት ቀን የቀረ እንደ ሕጉ ይሰናበት» ብለው ዘጉት።

«ጋሼ፣ ሃያ አራት ቀን ቀሪ ይለኛል» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ።»

«አልመጣሁም ነበር?»

«መጥተሻል እንጂ። ስትገቢም ስትወጪም አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ወረቀቱ ላይ የለሽም።»

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ምድጃውን አየሁ። ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። የባለቤቴ ገቢ ለቤት ኪራዩ ነው፤ የልጆቹ ምግብና ደብተር ከእኔ ጣት ነበር የሚወጣው።

በአምስተኛው ቀን ካቦ ጌታሁን በባጃጅ ቤቴ ድረስ መጡ። ወደ ውጭ የሚላክ የሊሙ ቡና ነበር፤ ልጃገረዶቹ ለቅመውት ናሙናው ሁለት ጊዜ ወድቋል። መኪናው የሚጫነው ሰኞ ነው።

«ነገ ተመለሺ። ሁላችሁም» አሉኝ።

«በፊሽካ አልመጣም።»

ይህን እንዴት እንዳልኩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «ስድስት ተኩል ላይ ልጆቼን አሻግራለሁ። ያኔም ስወጣ የነበረው ለዚያ ነው። ኩላሊቴ ደህና ነው፣ ጋሼ።»

ካቦ ጌታሁን እጃቸውን ዘረጉ።

«የገብስ ውሃዬን መልሺ» አሉ።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና አሰቡ። «እሺ። ፊሽካውን ተይው። ፈረንጇንም አትንኪ። የጓሮውን በር እከፍታለሁ፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ለእያንዳንዳችሁ ጆንያ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ሰኞ ጠዋት ንጹህ ሆኖ ላግኘው። መቼ እንደለቀማችሁት አልጠይቅም።»

እንዲሁ ጀመርን። ዘሃራ ከንጋት ሶላቷ በኋላ መጥታ እስከ ቀትር ትለቅማለች። እኔ ልጆቼን አቀባብዬ እመጣና እሷ በለቀቀችው ቦታ፣ በእሷው ሰፌድ እስከ ምሽት እሠራለሁ። ስለማንገናኝ ጠረጴዛው ጫፍ ባለ ጣውላ ላይ በጠመኔ እንጻጻፋለን። እኔ «ዘሃራ፣ ከጆንያው ሥር ስባሪ ይበዛል። ሰፌዱ በግራ ነው። መብራቱን አጥፍቻለሁ። እንዳጠፋሁ እይልኝ» ብዬ ጣውላውን እሞላዋለሁ። መልሷ አጭር ነው፤ «ጠፍቷል። ምድጃውስ?»

ሰኞ ሀጂ ነስሩ መጡ። የጥራት ተቆጣጣሪው ከየጆንያው ሦስት መቶ ግራም ናሙና ወስዶ ነጭ ትሪ ላይ ዘረጋ። ቆጠረ፤ አለፈ። ሀጂ ትሪውን አዩ፤ የማሽኑን ወረቀት አዩ።

«ይሄን ማን ለቀመው?»

«ቀሪዎቹ» አሉ ካቦ ጌታሁን።

«የትኞቹ ቀሪዎች?»

«ያሰናበቷቸው።»

ሀጂ አስጠሩን። ጣታችንን ዘርግተን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያባረርኩት እንዲህ ያለውን ጣት ነው?» አሉ። ከዚያም «እንግዲህ እንደ ጀመራችሁት ይቀጥል። ጆንያው በተቀጠረለት ቀን ይውጣ፤ ሰዓቱን እናንተ እወቁበት» አሉ።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በጽሑፍ ይሁን» አልኩ።

«ቃሌ አይበቃሽም?»

«እርስዎ ፊት ስሆን ይበቃኛል። ቤት ስገባ ግን እጠራጠራለሁ።»

ሳቁ፤ ጻፉ፤ ማኅተም መቱበት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከልጆቼ የልደት ካርድ ጋር ተቀምጧል።

ሁሉም ነገር ወዲያው አልተስተካከለም። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ሳምንት ነፃነቱን ፈርቼ ጎህ ሳይቀድ መጥቼ ዘበኛውን ቀስቅሻለሁ። ሥራዋን እስከ መጨረሻው ቀን አቆይታ ጆንያዋን ይዛ ያለቀሰች አለች፤ ካቦ ሁለተኛ ጊዜ ትንሽ ጆንያ ሰጧት፤ ለመደች። ልጃገረዶቹ «ያለ ፊሽካ ሥራ አይገባንም» ስላሉ ለእነሱ መነፋቱን ቀጠለ።

ሀጂ ግን ሥራ ይጓደላል ብለው የፈሩት አልደረሰባቸውም። መኪና ሲዘገይ ባዶ ሰፌድ ይዞ መቀመጥ ቀረ፤ ለቃሚዋ ቡናው ሲመጣ ትመጣለች። በአንድ መቀመጫ ሁለት ሴቶች እየተፈራረቁ ሠሩ። የሚመለስ ጆንያ አነሰ። የወለዱ ነባር ለቃሚዎች ሥራ መልቀቅ ስላቆሙ በየዓመቱ አዲስ ሰው ማሠልጠን ቀረላቸው። ካቦ ጌታሁንም እኛን መጠበቅ ትተው ቡናውን ማየት ጀመሩ። ጎበዝ ዓይን እንደነበራቸው ያኔ አወቅን።

አምና ጀርባዬ እምቢ ሲለኝ ሥራ አቆምኩ። ልጆቼ አሁን ራሳቸው ይሻገራሉ፤ ቁልፍም ሦስት አለን። በቅርቡ ዘሃራን ልጠይቅ መጋዘን ሄድኩ። ማሽኑ በሩ ላይ አለ፤ ካቦ ጌታሁን ፊሽካቸውን ይሰቅሉበታል። ለቀልድ ጣቴን አስነካሁት።

«ታንኪው» አለች ፈረንጇ።

ካቦ ጌታሁን ዞር አሉ። «አሁን ገና መጣሽ?»

«አሁን ገና።»

«ኩላሊትሽስ?»

«ከዚያ ወዲህ አሞኝ አያውቅም።»

ያለ ፊሽካ መሥራት ለምትጀምሩት የምነግራችሁ ይህን ነው። አሠሪ ሰዓቱን ሳይሆን ጆንያውን ይመልከት። ለቃሚም የተቀበለችውን ጆንያ በቀኑ ንጹህ አድርጋ ታስረክብ። ወረቀቱን ደግሞ ማኅተም አስመቱበት።