ስም ያልወጣላት ልጅ

አንዲት እናት የማኅፀን ካንሰር ነበረባቸው። የሚያድናቸው ሕክምና እንደሌለ ተነግሯቸው ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ አቦከር ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ሕመማቸውን ማስታገስ ነበር። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ጎልማሳ ሴት ናት፤ እናቷን የምታገላብጠው፣ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው እሷው ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትራሳቸውን ሳስተካክል፣ «ልጄ፣ ትንሽ ጠጋ በይላት፤ ከኋላሽ ቆማለች» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማንም የለም።

«ማን ናት?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለሕመሙ የምሰጣቸው ሞርፊን አንዳንዴ የሌለ ነገር ያሳያል። ሐኪሙን አማክሬ መጠኑን ቀነስን። ሕመሙ ተመልሶ አንገበገባቸው፤ በሩ ላይ የቆመችው ግን አልሄደችም። ልጃቸው ጠበል ረጨች። እሱም አልሆነም። መድኃኒቱን ወደ ቀድሞው መጠን መልሰን፣ ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ምን ትልዎታለች?»

«ምንም። ዝም ብላ ታየኛለች። እንዳልጠራት ስም የላትም።»

ከዚያ ነገሩኝ። ከተማው በመድፍ በሚናወጥበት ዘመን የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለዱ። ባላቸው ዘምተው ነበር። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ሳትነሳ ልጅቱ ታመመች። ቄስ እንዳይጠሩ ተኩሱ ከቤት አያስወጣም። በእቅፋቸው ሞተች። ሲነጋ በነጠላ ጠቅልለው በዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ሮማኑ ሥር ቀበሯት። ለባላቸው እንኳ የት እንዳለች አልነገሩም።

«ክርስትና አልተነሳችም። የምሄድበት ቦታ ባላገኛትስ?» አሉ።

ቀና ስል ልጃቸው ሳህን እንደያዘች ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸው መጡ። ለረጅም ጊዜ አዳመጧቸው። በመጨረሻ፣ «ቤተ ክርስቲያን ያላለችውን አልነግርዎትም፤ ላታልልዎት አልፈልግም» አሏቸው። «ግን መድፉን የተኮሱት እርስዎ አይደሉም። ሕፃኗን ለፈጠራት እንተዋት።»

«ስም ላውጣላት?»

«የክርስትና ስም የሚሰጠው በጥምቀት ነው። እናት ልጇን የምትጠራበትን ስም ግን ማን ይከለክላል?»

በወንበር ተሸክመን ወደ ግቢው አውጥተን ሮማኑ ሥር አስቀመጥናቸው። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ጸለዩ። እናትየዋ መሬቱን ሲያዩ ቆዩና በቀስታ አንድ ስም ጠሩ። ትንሽ ጠብቀው ደገሙት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ልጃቸው ወደ ግድግዳው ዞራ ታለቅሳለች።

በሚቀጥለው ጉብኝቴ ፊታቸው ፈታ ብሎ አገኘኋቸው። ልረጋጋ ፈልጌ ነው መሰለኝ፣ «ሄደች አይደል?» አልኳቸው።

«የት ትሄዳለች? ገብታለች እንጂ» አሉና አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀመጥኩትን ቦርሳ በዓይናቸው አሳዩኝ። «እሱን አንሺላት።»

ቦርሳዬን አነሳሁ። ፍራሹ እዚያ ጋ ጎድጎድ ያለ መሰለኝ፤ ቦርሳው ያጎደጎደው ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ መጣች አላሉም። በዚያው ሳምንት፣ ሕመም ሳያሠቃያቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ።

ለአርባቸው ተጠርቼ ሄድኩ። ከሩቅ የመጡ አንዲት ዘመድ ከአጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው፣ «አንድ ልጅ ብቻ ነው የተዉት?» ሲሉ የሟች ልጅ ሰማች። እንጀራ እያዞረች ነበር።

«ሁለት ነን» አለች። «እኔ ታናሿ ነኝ።»

ዘመዶቿ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ሌላዋ የት ናት ብሎ አልጠየቀም። እኔ በመስኮቱ ወደ ሮማኑ ላለማየት ዓይኔን ሳህኔ ላይ ተከልኩ።