አስቴርን ፋይሰል ያደረስኩ ዕለት

ዓርብ ጠዋት እኔና አስቴር ካይሮ ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከማዓዲ ተነሳን። እኔ የስደተኛ ልጆች አስተምራለሁ፤ እሷ ኒው ካይሮ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ አሠሪዎቿ አገር ሲለቁ ሥራዋ ቆመ። ጊዛ ውስጥ ፋይሰል የሚባል ሰፈር ያሉ የዶርዜ ሸማኔዎች የሻል ጫፍ የምትቋጭ ሴት እንደሚፈልጉ የሰማሁት እኔ ነኝ። አስቴር የዶርዜ ልጅ ናት። ከተቀበሏት እዚያው ታድራለች፤ አብረን የተከራየነው ክፍል ለእኔ ብቻ ይቀራል። መንገድ ላይ ይህን አላነሳንም።

በሜትሮ ጊዛ ደርሰን የግብፆቹን የሩዝና የምስር ምግብ፣ ኮሸሪ፣ በላን። አስቴር ግማሹን ተወችው። ከዚያ ወደ ፋይሰል የሚሄድ ሚክሮባስ፣ ትንሽ ታክሲ፣ ያዝን።

ሥራ ቤቱ ከአትክልት መሸጫ በላይ ነው። ትልቁ ሸማኔ ጋሽ ጫሜ አስቴርን አዩና፣
«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።
«የማሄ። ቤታችን ከገበያው በላይ ነው።»
«ረጅሙ ማሄ ወይስ ቀልደኛው?»
«ቀልደኛው። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ በቀልዱ እሱ ብቻ ነው የሚስቀው።»

ሸማኔዎቹ ሳቁ። እኔ ስለ ትጋቷ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ።
«ኸላስ፣ ይበቃል፣ መምህርት» አሉኝ ጋሽ ጫሜ፤ «አባቷን አውቃለሁ።»

ሰፋፊ ሻል ሲሠሩ አይቼ ገረመኝ፤ የአገራቸው ሸማ ጠባብ ነው። ለካስ አንዱ ሸማኔ ለዚህ አገር ገበያ ብሎ የሽመና ዕቃውን አስፍቶ ሲሞክር ድሩ እየተበጠሰ ብዙ ክር አበላሽቷል። ሌሎቹ ከየድርሻቸው ሰጥተው እንደገና አስሞከሩት። አሁን ሁሉም በሰፊው ይሸምናሉ።

«ባዕድ ቢሆን ኖሮስ?» አልኳቸው ጋሽ ጫሜን።
«ክሩን ይዞ ይጠፋል ብለን እንፈራ ነበር። የዚህን ግን የእናቱን ቤት እናውቀዋለን።»

አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው አንዳንዴ ይከስራል፤ ኪሳራውን የሚካፈለው ካገኘ ደግሞ ይሞክራል። የአገር ልጅነት ለእነዚህ ሰዎች ይህንን አድርጎላቸዋል። ያው ነገር የአገራቸው ልጅ ያልሆንኩትን እኔን በር ላይ እንዳቆመኝም ልብ አልኩ።

ስወጣ አስቴር መቋጨት ጀምራ ነበር። ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ።
«ዓርብ ዓርብ ነይ።»
«የማን ነሽ ሲሉኝስ?»
«የአስቴር በያቸው።»

ማዓዲ ስደርስ እንደ ልማዴ ለሁለት ሰው የሚሆን ዳቦ ገዛሁ። የሕንፃው ዘበኛ ጓደኛዬ የት እንደቀረች ጠየቀኝ።
«ከአገሯ ሰዎች ጋር ገባች።»
«አንቺስ? የአገር ሰው የለሽም?»

እንደ እኔ ከደብረ ሲና የመጣ ሰው ካይሮ ውስጥ አላውቅም።
«አንድ አለችኝ» አልኩት፤ «ፋይሰል ነው ያለችው።»

ዳቦውን ግማሹን ለእሱ ሰጥቼ ወደ ክፍሌ ወጣሁ።