የዘይነባ ዘንባባ፣ የሉባባ ዘንባባ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሕንፃ በር ላይ ቆሜ ባለቤቴን ስጠብቅ፣ ድንገት ነፋስ ተነሥቶ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ የተተከሉትን ዘንባባዎች እያንሿሿ አለፈ። ደረቁ ቅጠል ከእርጥቡ ጋር ሲፋተግ የሚያሰማው፣ ከዝናብ የማይለይ ድምፅ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በልጅነቴ ስንት ጠዋት በዚህ ድምፅ ተታልዬ፣ ዘነበ ብዬ ከአልጋ ወርጄ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ደረቅ ግቢ አይቼ እመለስ ነበርና፣ እዚያው አስፋልት ዳር እንደቆምኩ የገርጂው ቤታችን፣ እናቴ፣ አባቴና እህቴ ፎዚያ አንድ ላይ መጡብኝ። ከነሱ ጋር ቅናቴም መጣ።

ቤታችን ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ ከሚሆን ቅያስ ውስጥ ነበር። ግቢው ያን ያህል ሰፊ ባይሆንም በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ዘንባባዎች ስለቆሙበት ከሩቅ ይለይ ነበር፤ ለእንግዳ አቅጣጫ ሲነገርም «ሁለት ዘንባባ ያለበት በር» ይባል ነበር። የተከለቻቸው የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ዘይነባ ናት። እሷና አባቴ እኔ ሳልወለድ ተፋትተው፣ እሷ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሳ ሌላ ትዳር ስትይዝ፣ ልጃቸው ፎዚያ ለትምህርቷ ሲባል አባቴ ጋ ቀረች። ከዚያ አባቴ እናቴን አገባ፣ እኔም ተወለድኩ። ፎዚያ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች።

ሰፈሩ ሁሉ ዛፎቹን «የዘይነባ ዘንባባ» እያለ ይጠራቸው ነበር። አፍ ላይ ስለሚጥም ይሁን ስለተለመደ፣ ዘይነባ ከሄደች ከስንት ዓመት በኋላም ስሙ አልለቅ አለ። እናቴን የሚያበግናት ደግሞ የራሷ ስም ሉባባ መሆኑ ነበር። «የሉባባ ዘንባባ ቢባል ምን ይጎድለዋል? እንዲያውም እሱ ይበልጥ ይገጥማል» ትል ነበር ልብስ እያሰጣች፣ ለማንም ሳይሆን ለገመዱ።

እኔ የምቀናው በፎዚያ ነበር። አባቴ ጉርድ ሾላ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ጠዋት ወደ ሱቁ ከመሄዱ በፊት ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ማጭድ አስሮ የደረቀ ቅጠል ሲያወርድ፣ ፎዚያ ከሥር ቆማ የወደቀውን ትሰበስብ ነበር። «ያቺን» ትለዋለች፤ «የቷን?» ይላታል፤ «ከኋላዋ ያለችውን» ትለዋለች፤ ወሬያቸው ይኸው ነው። እኔ ልጠጋ ስል ግን «ማጭድ ነው፣ ራቂ» እባል ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጬ አንገታቸውን ቀና አድርገው አንድ ነገር ሲያዩ ስመለከት፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ወደ ነበረ ሌላ ቤት ገብተው በሩን የዘጉብኝ ይመስለኝ ነበር። ዘይነባን አይቻት ስለማላውቅ በሐሳቤ እንደ ዛፎቿ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ማንንም ዝቅ ብላ የማታይ ሴት ነበረች።

በጋው አልቆ ሆሳዕና ሲቃረብ የእናቴ ነገር ይብስ ነበር። እኛ ሙስሊሞች ብንሆንም በዋዜማው ቅዳሜ የሰፈሩ ክርስቲያኖች ቅጠል የሚወስዱት ከእኛ በር ነበር፤ አባቴም ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ መጥቶ፣ ቅጠሉን እየቆረጠ በእቅፍ በእቅፍ ያድል ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ ወይዘሮ ብርሃኔ፣ እቅፋቸውን ሞልተው ሲወጡ «የዘይነባን እጅ ይባርከው፣ ስንቱን ሰው ዘንባባ አሳሰረች!» አሉ። ሳያስቡት ያመለጣቸው ነው። እናቴ ፈገግ ብላ በሩ ድረስ ሸኝታቸው ተመለሰች፣ ምሳ ግን አልበላችም።

«የሰሚራ አባት» አለችው አባቴን፣ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ። ሰፈሩ «የፎዚያ አባት» ስለሚለው እሷ ሁልጊዜ በእኔ ስም ነበር የምትጠራው። «እኔም ዘንባባ እተክላለሁ።»

«ቦታው የት አለ?»

«ቦታማ ለሌላው ተገኝቷል።»

ሐምሌ ላይ ዝናቡ መሬቱን ካጠገበው በኋላ፣ እናቴ እኔን አስከትላ መንገድ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ ችግኝ ወደሚሸጡት ሄደች። ሻጩ ከበራችን ዛፎች ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀውን ሲያነሣላት «እሱን አልፈልግም» አለችና፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋውን መረጠች። «ይኼኛው ብርድ አይወድም፣ ቆላ ነው የሚስማማው» ቢላት፣ «እኔም የባቲ ልጅ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ» ብላ ሳቀች። እንደዚያ ቀን ስትስቅ ብዙ ጊዜ አይቻት አላውቅም። አራት ችግኝ በላዳ ታክሲ ጭነን፣ ቅጠሉ በመስኮት እየወጣ፣ እኔም በሁለት እጄ አቅፌው እቤት ደረስን። አባቴ በበረንዳው ፊት ለፊት ጉድጓድ ቆፈረላት፤ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ፍጉን በእጇ ከአፈሩ ጋር እያሸች፣ ሁሉንም ራሷ ተከለቻቸው። «ይቺ የሰሚራ ናት» ብላ ዳር ያለችውን ስትሰጠኝ፣ በመጨረሻ ለእኔም ዛፍ ተገኘልኝ ብዬ፣ አባቴ እንዲያየኝ ስል ዝናብ እየዘነበባት በጣሳ ውኃ አጠጣት ነበር።

መስከረም ሲጠባ እያንዳንዱ ችግኝ አዲስ ቅጠል ከፈተ። እናቴ ወይዘሮ ብርሃኔን እጃቸውን ይዛ አስገብታ አሳየቻቸው፤ እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው መረመሩና «ሉባባ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ቃጫ ነው?» አሉ። እናቴ ያን ቀን ዋናውን በር ስትዘጋው ሁለቱ ዛፎች ሳይሰሙት አልቀሩም።

ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ገባ። ጠዋት ስንነሣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ እናገኝ ነበር፤ የእናቴ ማራገቢያዎችም ከጫፋቸው እየጠወለጉ፣ እየጠቆሩ መጡና ታኅሣሥ ሳያልቅ ሁለቱ ሞቱ። አንደኛዋ የእኔ ነበረች። የበሩ ዘንባባዎች ግን አንዲት ቅጠል ሳይለወጥባቸው ላያችን ላይ ይወዛወዙ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ አባቴ፣ ይመስለኛል ሊረዳት ብሎ፣ «ዘይነባ የመጀመሪያውን ዓመት በሣር ትሸፍናቸው ነበር» አለ።

ያ ስም ከአባቴ አፍ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ብርድ አይደለም የገደላቸው፤ ጥላ ነው። የጠዋቷን ፀሐይ እነዚያ በር ላይ ያሉት ጨርሰው ነው ለእኔ የሚተርፈኝ። ወይ እነሱ ይቆረጡ፣ ወይ የእኔ ይነቀሉ።»

አባቴ ዳቦውን እያኘከ፣ አምፖል ቀይር የተባለ ያህል፣ «እሺ፣ ይቆረጡ» አለ።

ደስታዬን አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከእንግዲህ ማጭድ የለም፣ አባቴና ፎዚያ አብረው ቀና ብለው የሚያዩት ነገር የለም፣ ከዘጉብኝ ቤት ይወጣሉ ብዬ ልቤ ዘለለ። ቀስ ብዬ ፎዚያን ሳያት፣ ስኳሩ የሟሟ ሻይዋን ታማስላለች፤ ቀና አላለችም፣ ማማሰሏንም አላቆመች።

ቆራጩ ቅዳሜ መጥረቢያና ገመድ ይዞ መጣ። እኔ ድግስ እንደሚያይ ሰው በርጩማ አውጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፣ እናቴ ከኋላዬ ቆመች፣ ፎዚያ ቧንቧው ጋ ዩኒፎርሟን ታጥባለች። ሰውየው ገመዱን አንደኛው ዛፍ ላይ ካሰረ በኋላ መጥረቢያውን አንሥቶ መታው፤ ደግሞ መታው። እንደ ሌላ እንጨት ፍላጭ አልበተነም፣ ቃጫ ቃጫ የሚል ነገር ብቻ ከቁስሉ ወጣ። ከዚያ ቆም ብሎ «ወዴት ልጣለው?» ሲል፣ ውጭው የመብራት ሽቦ ስለሆነ አባቴ ወደ ውስጥ፣ ወደ በረንዳው በኩል ጠቆመው።

«አባ» አለች ፎዚያ፣ እጇ እንደ ነበረ በሳሙና አረፋ ውስጥ ሆኖ። «እንደሱ ከወደቀ የእትዬን ችግኞች ይጨፈልቃቸዋል። ወደ ማድ ቤቱ በኩል ይጣሉት።»

እናቴን «እማ» ብላት አታውቅም፤ ሁልጊዜ «እትዬ» ነበር የምትላት። አባቴም ያንኑ የቁርስ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ «እሺ፣ እንዳለችው አድርግ» አለው ቆራጩን።

እናቴ ፎዚያን አየቻት፣ አባቴን አየችው፣ በአጠገቤ አልፋ በረንዳውን ወርዳ መጥረቢያውና ዛፉ መሃል ገባች። «ተው! ተው በቃ፣ አይቆረጥም!»

«እንዴ፣ ጀምሬዋለሁ እኮ፣ እመቤቴ።»

«አየሁት። ሻይ ጠጣና ሂድ፣ ወንድሜ።»

አባቴ ግራ ገብቶት «አንቺ አይደለሽ ይቆረጥ ያልሽው?» አላት።

«እኔ ነኝ። አይቆረጥም የምለውም እኔው ነኝ።»

የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምተው የመጡት ወይዘሮ ብርሃኔ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጠው ምን እንደሆነች ሲጠይቋት፣ እናቴ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ባልለየሁት ድምፅ እንዲህ አለቻቸው፦ «እምቢ ይለኛል ብዬ እኮ ነበር። እምቢ ቢለኝ አንድ ሳምንት አኩርፌ ይወጣልኝ ነበር። ለእኔ ሲል የእሷን እንዲህ በቀላሉ ካስቆረጠ፣ ነገ ለሌላዋ ሲል የእኔን ለማስቆረጥ ምን ይይዘዋል?» ወይዘሮ ብርሃኔ ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

ለብዙ ዓመት ምክንያቷ ይኸው ብቻ መስሎኝ ኖርኩ። ካደግኩ በኋላ አንድ ቀን አንሥቼባት ነበር፤ «ያቺ ልጅ፣ እጇ በሳሙና እንዳለ...» ብላ ጀምራ ወደ ሌላ ወሬ ገባች። የቱ እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ እናቴ ፎዚያን ጠርታ፣ የግቢውን ሣር እያየች፣ «እናትሽ ስትሸፍናቸው እንዴት አድርጋ ነበር?» አለቻት። ፎዚያም ከአባቴ ሱቅ ኮምቦልቻ ደውላ ጠይቃ መጣች፤ ሣሩን እንዴት እንደሚያስሩት፣ ፀሐይ ስትወጣ ከላዩ እንደሚገልጡት፣ ከሥሩ ውኃ እንዳይቋጥር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለቱ ጎንበስ ብለው የተረፉትን ችግኞች ሲያለብሱ፣ ጠዋት ሲገልጡ፣ አንዳንዴም ምን እንደተባባሉ ሳልሰማ ሲስቁ አያቸው ነበር። «እኔስ?» ብዬ ስጠጋ እናቴ «አንቺን ብርድ ይመታሻል፣ ግቢ» አለችኝ። ወደ ቤት ገብቼ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። አባቴን ላስመልስ ስል እናቴን ያስወሰድኩ መሰለኝ።

በተከታዩ ክረምት የሞቱት ሁለቱ ተተኩ፤ እናቴ ችግኙን የገዛችው እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከፎዚያ ጋር ሄዳ ነበር፤ ያመጡትም እንደ በሩ ዛፎች ላባ ቅጠል ያለውን ነበር። ከዚያ በኋላ ብርዱም ለመዳቸው መሰለኝ ሁሉም አደጉ፤ ወይዘሮ ብርሃኔም ካሣ ይሁን ከልብ፣ አንድ ሆሳዕና ላይ ልጆቻቸውን «የበሩን ተዉት፣ ከሉባባ ዘንባባ ቁረጡ» ሲሉ ሰምተን እናቴ ያን ቀን ራሷ ቢላ ይዛ ወጣች።

ዘይነባን ያየኋት በፎዚያ ሠርግ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ሆና አገኘኋት፤ እናቴ ትከሻ ላይ እንኳ አትደርስም። ዛፎቿን ቀና ብላ አይታ ስታበቃ፣ ግንዱ ላይ የቀረውን ጠባሳ በእጇ ዳበሰችና «ይኼ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«መኪና ገጭቶት ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ፎዚያ በሙሽራ ልብሷ፣ እኔ በሚዜ ቀሚሴ፣ ተያይተን ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

አሁን አባቴ የለም። በገርጂው ቤት ፎዚያ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ እናቴም ከእሷ ጋር ናት። እኔ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ የእናቴ ጉልበት ደረጃውን አይችለውም፣ ምክንያቱ እሱ ነው እንባባላለን። ያኔ ፎዚያ እናቷ ሩቅ አገር ሆና፣ እኔ ሁለቱም ወላጆቼ እቤቴ እያሉ፣ የምቀናው እኔ ነበርኩ። ዛሬ እሷ ከእናቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ውላ ታድራለች፣ አሁንም «እትዬ» ነው የምትላት፤ እኔ ደግሞ «እማ» ለማለት ታክሲ እይዛለሁ።

ባለፈው አርብ ሄጄ «እማ፣ ቀስ ብለን ደረጃውን እንወጣዋለን፣ ጥቂት ቀን እኔ ጋ ሁኚ» ብያት ነበር። «ፎዚያ ብቻዋን ምን ትሆናለች?» አለችኝ። ፎዚያ እኮ ባል አላት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ልጅ ሳለሁ ቢሆን አልቅሼ ግቢውን አተራምሰው ነበር፤ አሁን ሻዬን ጨርሼ፣ ሁለቱንም ስሜ ወጣሁ። ኢምፔሪያል ታክሲ እስክይዝ ድረስ ግን ሆዴን ቅር እንዳለው ነበር።