ቶሎሳ ሶምሶማ እንሩጥ ሲል

ሐሙስ ዕለት ቶሎሳ ደውሎ «ቅዳሜ ጠዋት ቻታሁቺ ወንዝ ዳር ሶምሶማ እንሩጥ» አለኝ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«በኢየሱስ ስም! ሰው ለጤናው አይሮጥም እንዴ?»

ሰው ይሮጣል። ቶሎሳ ግን አይሮጥም። ቻምብሊ ውስጥ ጎማ ቤት አለው፤ ማዶ ካለው ታኮ ቤት ምሳ ሊያመጣ እንኳ በመኪና ነው የሚሄደው። ሆዱ በር የሚገባው ከሱ ቀድሞ ነው። ደግሞ እኔን የከነከነኝ ሆዱ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያናችን መርዶ የሚናገረው ሰው እሱ መሆኑ ነው።

ማንም አልሾመውም። ከኬንያ የስደተኞች ካምፕ መጥቶ ክላርክስተን ሲኖር የጎረቤቱ አባት አገር ቤት አረፉ፤ ማን ይንገረው ሲባል ሁሉም አቀረቀረ፣ እሱ ተነስቶ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ እሱ ላይ ወድቆ ቀረ። የራሱ ሥርዓት አለው። የሥራ ሺፍትህን ያጣራል። እህል መቅመስህን ያያል። ከሁሉ በፊት ግን የመኪናህን ቁልፍ ይወስዳል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት መርዶዋን ሰምታ እየጮኸች መኪና አስነስታ ሃይዌይ ልትወጣ ስትል፣ ፊቷ ተገትሮ ነው ያስቀራት። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሳይዝ አፉን አይከፍትም። በኛ ዘንድ ቁልፍ ከጠፋ ቶሎሳ ወሰደው ተብሎ ይቀለዳል፤ እየቀለድንም እንፈራዋለን።

አርብ ጠዋት የሩጫውን ፕላን ቴክስት አደረገልኝ። «ሦስት ማይል። መካከለኛ፣ እያወራን የምንሮጠው ዓይነት። ውሃ ያዝ። ቁርስህን ብላ። መኪናህን ተወው፣ እኔ መጥቼ እወስድሃለሁ።»

ቁርስህን ብላ! መኪናህን ተወው! ኧረ ተው ባክህ! ቁርስ በልቶ የሚሮጥ ማነው? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አልኩና ወዲያው ደብረ ብርሃን ደወልኩ፤ እናቴ ከፋሲካ ወዲህ አሟት ነበር።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«ማን ልሆን ኖሯል?»

«ደህና ነሽ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ትናንት ደውለህ የለም እንዴ? ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

ወንድሜን መርዕድንም አገናኙኝ አልኩ፤ እሱም አለ፣ እንዲያውም «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ተቆጣኝ። አክስቶቼን አንድ በአንድ ደውዬ ጨረስኩ። ሁሉም አሉ። እንግዲያው ሰውየው ኢንሹራንስ ሊሸጥልኝ ነው አልኩ፤ ያን ሰሞን ግማሹ ምዕመን ለግማሹ ላይፍ ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር።

ባለቤቴ ልዕልት ሳቋ መጣ። ነርሲንግ ሆም፣ አዛውንት መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ የቅዳሜ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር።

«አንተ ሰው፣ ሞት ካልሆነ ኢንሹራንስ ነው የሚታይህ። ስኳር ተገኝቶበት ይሆናላ! መዓዛ እንኳ በዚያ በአዳማ ሙቀት በየጠዋቱ በእግሯ ትሄድ የለ? ዝም ብለህ ሩጥ።»

መዓዛ ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ልዕልትን ያሳደገቻት እሷ ናት።

ቅዳሜ ቶሎሳ እቤቴ ስማይርና ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። ወንዙ ደፍርሷል፣ ፈረንጁ ከነውሻው ይሮጣል። ቶሎሳ የጫማውን ክር ሦስት ጊዜ አሰረ። ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳንሄድ አግዳሚ ወንበር አየና ተቀመጠ።

«በል የኢንሹራንሱን ወረቀት አውጣው» አልኩት።

አልሳቀም። «ቁርስ በልተሃል?» አለኝ።

«እናቴ አለች! ደውያለሁ! ወንድሜም አለ!»

«አውቃለሁ፣ ነጋሽ። ያንተ አይደለም።»

«ተመስገን!» አልኩ። ይችን ቃል እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከአፌ ሳትወርድ ነው ቀጥሎ የነገረኝ።

«መዓዛ ናት። ረቡዕ ጠዋት በእግሯ ስትሄድ ባጃጅ ገጫት። ሆስፒታል አልደረሰችም።»

እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የራሴን ዘመድ ስቆጥር፣ ስለ ልዕልት ሰው አንዴም አላሰብኩም። አፈርኩ። ቶሎሳ ጀርባዬን ይዞ ጠበቀኝና ሥርዓቱን ነገረኝ፤ እሑድ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ይነግራታል፣ እስከዚያ እቤት ሳለች ማንም ደውሎ እንዳይነግራት ስልኳን ልጠብቅ፣ ሥራዋን ትሂድ፣ እንደ ሁልጊዜዬ ልሁን።

«ቁልፏን ማታ እሷ ከሥራ ስትመለስ ትወስዳለህ። አሁን እንዳትነካው» አለኝ።

እሺ አልኩ። ቤት ስገባ ልዕልት ሻወር ውስጥ ታዜማለች። ሁለት ሰማንያ አምስት ሃይዌይ ላይ እየነዳች አንድ ወሬኛ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት ታየኝ። አልቻልኩም። ቁልፏን ከመስቀያው አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

ለብሳ ወጣች። «ቁልፌን አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

ቦርሳዋን በረበረች። ሶፋውን ገለበጠች። እኔም አብሬ ሶፋው ሥር ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። ቀና ስል ቆማ ጫማዬን ታያለች። አዲሱ ጫማዬ አቧራ እንኳ አልነካውም።

«ሮጣችሁ?»

«ትንሽ።»

«ቶሎሳ ምን አለህ?»

«ምንም። ያው ኢንሹራንስ ነው።»

ልዕልት ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቁልፌ ኪስህ ውስጥ ነው» አለችኝ። «ማን ነው፣ ነጋሽ?»