ጓዳ የገባው ባቡር

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበረና እናቱ ሥራ ስለበዛባት እኔ ሄድኩ። አንዲት ወጣት መምህርት ከነሐዲዱ የተገጣጠመ የመጫወቻ ባቡር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ እንዲህ ያለው መጫወቻ ሕፃናትን መለካት፣ መገጣጠምና መታገሥ እንደሚያስተምራቸው አስረዳችን። ወላጆቹ በደብተራቸው ጻፉ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴትዮ ነኝ፤ ይህን ትምህርት የወሰድኩት ግን ፊደል ካልቆጠረ ገበሬ፣ ያውም በአንድ እሑድ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ጎንደር አውቶፓርኮ አጠገብ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነው፤ የሊማሊሞን ተራራ እየወጣ እየወረደ አሥመራ ይመላለሳል። ቤት ሲመጣ የናፍጣ ሽታው ቀድሞት ይገባል። በዚያ ሰሞን ከአሥመራ ሲመለስ በካርቶን የታሸገ የቆርቆሮ ባቡር አመጣልኝ። ቀይ ነው፤ ሁለት ፉርጎ አለው፤ በቁልፍ ሲጠመዘዝ እየተንቀጫቀጨ ይሄዳል። ሐዲዱ ቁርጥራጭ ሆኖ ግማሹ ቀጥ ያለ፣ ግማሹ ጎበጥ ያለ ነው። በሠፈራችን እንኳን ልጅ አዋቂውም ባቡር አይቶ አያውቅም ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ።

ያላየችው እናቴ ብቻ ነበረች። ታናሽ ወንድሜን ወልዳ ጓዳ ውስጥ መጋረጃ ተጋርዶላት አራስ ናት። ይዤላት መግባት እችል ነበር፤ እኔ ግን ባቡሩ ራሱ ተጉዞ አልጋዋ ሥር እንዲቆምላት ነበር የፈለግኩት። ችግሩ ከሳሎኑ ወደ ጓዳው ስንዝር የምታህል ደረጃ መኖሯ ነው። ጣውላ አጋድሜ ሐዲዱን ቀጥ አድርጌ ብደረድርበት፣ ባቡሩ መሐል ላይ ይንገዳገድና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይገለበጣል። አባቴም ሞከረና "ይህስ ለአቀበት የተሠራ አይደለም" ብሎ ተወው።

ቅዳሜ ዕለት የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ አራስ ሊጠይቅ ማርና ቅቤ ጭኖ ከወገራ መጣ። የመጣው ግን ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። እሱና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ አባቴ ደግሞ ሁለተኛ ልጅ ከተወለደለት እኔን ሊሰጣቸው ቃል ገብቶ ኖሯል። ሰኞ ጧት ይዞኝ ሊሄድ ነው። በዚያን ዘመን ልጅን ለዘመድ መስጠት ነውር አልነበረም፤ ፍቅር ነበር። እኔ ግን በመስከረም ትምህርት ቤት እገባለሁ ብዬ የደብተር መያዣ ከጨርቅ አሰፍቻለሁ፤ በእነ አያ ታከለ አገር ትምህርት ቤት የለም። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ወደ ባቡሬ ተመለስኩ። ሳልሄድ እናቴ ዘንድ ላደርሰው ቆረጥኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁልፉን ልጠመዝዝ ስል አያ ታከለ እጄን ያዘኝ።

"ምነው ልጄ! ዛሬኮ ሰንበት ነው። በሬስ ያርፍ የለም?"

"አያ፣ ቆርቆሮ እኮ ነው።"

"ቢሆንስ? ትናንት ሲዳክር ውሎ አቀበቱ ሲያቅተው በዓይኔ አይቸዋለሁ። ይረፍ።"

አባቴ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አያ ታከለ ግን የምሩን ነበር። ባቡሩን በሁለት እጁ አንስቶ አቧራውን ጠረገለትና መደርደሪያ ላይ አሳረፈው።

መቀመጥና ማየት ብቻ ቀረኝ። እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ደረጃዋን ሲመረምር ቆየ።

"አንች፣ ምነው ፊት ለፊት ትጋፈጪዋለሽ?"

"መንገድ ቀጥ ሲል ያጥራላ።"

"ያጥራል፤ ግን አያደርስም። እኔ ከምንጩ ወደ ማሳዬ ውሃ ስመራ በገደል አልለቀውም። የተራራውን ወገብ ይዤ በዘወርዋራ አወርደዋለሁ። ውሃ ቀስ ብሎ በወረደበት የተጫነች አህያም ትወጣበታለች። አባትሽስ ሊማሊሞን እንዴት ነው የሚወጣው?"

ወደ አባቴ ዞርኩ። መሪ እንደያዘ ሰው እጆቹን ወዲህና ወዲያ አጠማዘዘልኝ።

ያን ቀን ሐዲድ ሳልነካ ወለሉን በስንዝሬ ስለካ ዋልኩ። ከበሩ ጥግ ተነስቶ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ የቁም ሳጥኑን እግር ዞሮ ጓዳ ለመግባት ዐሥራ ስድስት ቁራጭ ይፈጃል። ያለኝ ዐሥራ አራት ነው። አንድ መታጠፊያ ቀንሼ እንደገና ለካሁ፤ ተሳሳትኩ፤ እንደገና ጀመርኩ። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ይለኛል አያ ታከለ። ሊወስደኝ የመጣ ሰው መሆኑን እንኳ ረሳሁት። ሲመሽ ልኩ ዐሥራ አራት ላይ ገጠመልኝ።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ሐዲዱን ገጠምኩ። ከሥሩ መጀመሪያ ቀጫጭን የእንጨት ፍላጭ፣ ቀጥሎ ወፈር ያለውን፣ መጨረሻ ላይ የሸክላ ስባሪ ደረደርኩ። አያ ታከለ በቅሎዋን ጭኖ በር ላይ ቆሟል። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ባቡሩ ግድግዳውን ታኮ ሄደ፤ ዞረ፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ከዚያ እየተንቀጫቀጨ ወጣና በመጋረጃው ሥር ገባ። ከወዲያ የእናቴ እልልታ ተሰማ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል፤ እንደዚያ እልልታ ግን ያኮራኝ የለም።

አያ ታከለ ተንበርክኮ ድጋፎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካ። ተነስቶም አባቴን "ይችን ልጅ ወስጄ ጥጥ ላስፈትላት ነው? ኧረ ግፍ ነው! አስተምራት" አለው።

"ቃሌስ?" አለ አባቴ።

"መልሸልሃለሁ። ሸጋ ልጅ ናት፣ ያሳድግልህ።"

ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ለእኔ መቀመጫ ብሎ በቅሎዋ ላይ ያነጠፈውን አጎዛ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘና ብቻውን ወደ ወገራ ሄደ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን እንደዋለች የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

በመስከረም ትምህርት ቤት ገባሁ። አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩትም እዚያው ወገራ አዲስ በተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። አያ ታከለ ከገበያ ሲመለስ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ያየኛል፤ እኔም ያላየሁ መስዬ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ዛሬ እሱም ሚስቱም የሉም። በዚያ አገር ሴት ልጅ ደብተር ይዛ ስታልፍ ዞሮ የሚያያት የለም። ለቅሶ ወይም ሠርግ ጠርቶኝ ስሄድ ሽማግሌዎቹ ለልጆቻቸው ሲያስተዋውቁኝ "የታከለ ልጅ ናት" ይሏቸዋል። አላርማቸውም።