ካፑዋን የረገጥኩ ቀን

ሳልጠይቅ ፈርጃለሁ። የልጅ ልጄ ሦስት ሳምንት የለፋችበትን የትምህርት ቤት ሥራ በእግሬ ረግጬ አጥፍቻለሁ። በደሉ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው አለሳልሶ ሳያወራው እኔው ልጻፈው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ አትላንታ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን። ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳሎኑ ወለል ላይ ከካርቶንና ከሊጥ የተሠራች ከተማ አገኘሁ፤ ቅጥርም በርም አላት።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"የጣልያን አገር የድሮ ከተማ ናት እማማ። ካፑዋ ትባላለች፣ እና..."

የቀረውን አልሰማሁም። ልጅ ሳለሁ ጣልያን "አርበኛ አሳድራችኋል" ብሎ መንደራችንን አቃጥሏል። አባቴን ከደጃችን ወስደው አልመለሱትም።

"በኔ ቤት የጣልያን ከተማ አይቆምም!" ብዬ ከነጫማዬ ከተማይቱ ላይ ወጣሁ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ክፍሏ ገብታ ቆለፈች። በማግስቱ ለመምህሯ "መንገድ ላይ ወደቀብኝ" ብላ ዋሸችልኝና ዝቅተኛ ማርክ ይዛ መጣች።

እናቷ ልጅቱ ስለ ከተማይቱ የጻፈችውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። የካፑዋ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ሮም ናት የገዛቻቸው። ከአፍሪካ የመጣ የጦር አዛዥ ሮምን ሲወጋ በራቸውን ከፈቱለት። ሮም ከተማይቱን መልሳ ስትይዝ መሪዎቿን ገርፋ አንገታቸውን ቀላች፤ መሬቷን ወሰደች፤ የራሷን ሹም እንዳትሾም ከለከለቻት።

"እንግዳ ስላስገባች?" አልኩ።

"አዎ።"

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የረገጥኩት እንደኛ የተቀጣ ሰው ከተማ ነው።

መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሄጄ ለመምህሯ እውነቱን ተናገርኩ። ከዚያ አጠገባችን ካለችው ከፓይን ሌክ ሁለት ያገራችንን ሽማግሌዎች ጠራሁ።

"እትዬ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሽማግሌ ይልካሉ?" ብለው ሳቁ።

"የበደልኩት እሷን ነው። ታዲያ ወደ ማን ልላካችሁ፣ ወደ ሮም?"

መጡ። እኔ በር ላይ ቆምኩ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ልጅቱ "ዛሬ አልችልም" ብላ መለሰቻቸው። እንደ ደንቡ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

"ይቅር በያት ልጄ፣ እግዜር ይወድሻል" አሉ።

ልጅቱ ሽማግሌዎቹን ትታ ወደኔ ዞረች።

"ኦኬ፣ ይቅር ብያለሁ። ግን እማማ፣ ሁለተኛ ከመርገጥሽ በፊት ንግግሬን አስጨርሺኝ።"